ስለ ላማችን ግሳት፣ ስለ ዓረፋ ቆዳና ስለ ቆሼ



ባለፈው ሰሞን ከዒሻ ሶላት በኋላ ከመስጂዳችን በር ላይ ወጣቶች ተሰብስበው ሲከራከሩ አገኘናቸው። ጦር ኃይሎችን የምታውቁ ሰዎች ማታ ማታ አካባቢው እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ከባቡር የሚወርደው፣ ታክሲ የሚጠብቀው፣ መንገድ ዳር የሚሸጠው ሁሉ ይደባለቃል። የልጆቹ ድምፅ ግን ከዚያ ሁሉ በላይ ይሰማ ነበር። ነገሩ ስልክ ላይ ያዩት አጭር ቪዲዮ ነው። የኢትዮጵያ ከብቶች የሚያወጡት ጋዝ ዓለምን እያሞቀ ነው ይላል ቪዲዮው። አንዱ ወጣት «ፋብሪካውን የከፈቱት እነሱ፣ መኪናውን የሚነዱት እነሱ፣ ተከሳሿ የእኛ ላም!» እያለ ይሞግታል። ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ጓደኛው ደግሞ «ቁጥሩ እኮ የራሳችን መንግሥት ያወጣው ነው» ይለዋል። ሦስተኛው «ዝናቡም ድርቁም በአላህ እጅ ነው፣ እናንተ ምን አገባችሁ?» ብሎ ወሬውን ሊዘጋው ፈለገ። እኛን ሲያዩ «ኡስታዞች መጡ፣ እነሱ ይፍረዱን» አሉ።

እውነቱን ለመናገር መፍረድ አልቻልንም። ጥያቄው በቂርኣት ቤት ከተማርነው ውጭ ነበር። «አጣርተን እንነግራችኋለን» ብለን ተለያየን። ከዚያ ወዲህ ያገኘነውን አነበብን፣ ከጀመዓችን መካከል ግብርናና የእንስሳት ሕክምና የተማሩ ወንድሞችንና እህቶችን ጠየቅን። ይህ ጽሑፍ የዚያን ማታ ዕዳ መክፈያ ነው። ረዘም ስለሚል ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።

በቁጥሩ እንጀምር፤ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ልጅ ትክክል ነበርና። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2011 ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ የተባለ ሰነድ አውጥታለች። በሰነዱ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2010 ከኢትዮጵያ ወደ አየር የወጣው ሙቀት አማቂ ጋዝ፣ ሁሉም በካርቦን ዳይኦክሳይድ ልክ ሲመነዘር፣ 150 ሚሊዮን ቶን ያህል ነበር። ከዚህ ውስጥ 65 ሚሊዮን ቶኑ ከእንስሳት እርባታ ነው። 55 ሚሊዮን ቶን ገደማው ደን ተመንጥሮ እርሻ ሲሆንና እንጨቱ ለማገዶና ለመሳሰለው ሲቆረጥ የሚመጣ ነው። ሰብል ማምረቱ ደግሞ 12 ሚሊዮን ቶን አለው። ትራንስፖርቱ በሙሉ፣ ከመርካቶ ጦር ኃይሎች ጥቁር ጭስ እየተፋ የሚመላለሰው ሚኒባስም፣ አይሱዙውም ተደምሮ፣ 5 ሚሊዮን ቶን ገደማ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ መኪናውም ከብቱም በዝቷል። ዛሬ የቀንድ ከብቶቻችን ወደ 70 ሚሊዮን ተጠግተዋል። ስለዚህ በሌላው ዓለም የዚህ ነገር ወሬ ከነዳጅና ከፋብሪካ ቢጀምርም፣ እኛ አገር የሚጀምረው ከምንበላውና ከምንጠጣው ነው።

እንዲሁ ከቀጠልን እ.ኤ.አ. በ2030 ልቀቱ 400 ሚሊዮን ቶን ይደርሳል ብሎ ነበር ሰነዱ። እ.ኤ.አ. በ2021 አገሪቱ ለተባበሩት መንግሥታት ያስገባችው የተሻሻለ ዕቅድ ከዚህ ላይ 68.8 በመቶውን እንቀንሳለን ይላል። ነገር ግን በራሳችን አቅም እንቀንሳለን የተባለው 14 በመቶውን ነው፤ የቀረው ከውጭ ገንዘብ ከተገኘ ነው። ይህን እዚህ ላይ ያዙልን።

የመጀመሪያው ልጅ ንዴትም ያለ ምክንያት አይደለም። 150 ሚሊዮኑ ቶን በዚያን ጊዜው ሕዝባችን ቁጥር ሲካፈል ለአንድ ሰው ሁለት ቶን እንኳ አይሞላም። የአንድ አሜሪካዊ ድርሻ ከ15 ቶን በላይ ነው። ከመላው ዓለም ልቀት የኢትዮጵያ ድርሻ ከመቶ አንድ አይደርስም። እኛ በዓመት ለአንድ ሰው የሚደርሰን ሥጋ 10 ኪሎ አይሞላም፤ የዓለም አማካይ ግን 40 ኪሎን ያልፋል። ኮልፌ ውስጥ ሥጋን ከዓረፋ እስከ ዓረፋ የምትቀምስ እናት አለች። እሷን «ዓለም እንዳይሞቅ ሥጋ ተዪ» የሚላት ሰው መጀመሪያ የራሱን ማቀዝቀዣ ከፍቶ ይመልከት። በዚህ ላይ ከማንም ጋር አንከራከርም።

እንዲህ ተብሎ ግን ወሬው ቢቆም ደስ አይለንም። ምክንያቱም የላሟን ነገር ስናጣራ ያገኘነው የፈረንጅ ክስ ብቻ አልነበረም፤ የራሳችንን ጉዳት አገኘን።

ሥጋ ቤት ቆማችሁ ጨጓራና ሽንፍላ ሲታጠብ ያያችሁ ሁሉ የላም ሆድ እንደ ሰው ሆድ አንድ ከረጢት እንዳልሆነ ታውቃላችሁ፤ አራት ክፍል አለው። በትልቁ ክፍል፣ በጨጓራው ውስጥ፣ በዓይን የማይታዩ ሕይወት ያላቸው ነገሮች ሞልተዋል። እኛ ልንፈጨው የማንችለውን ሣርና ገለባ እነሱ ያብላሉታል። ሱብሓነላህ፣ ከጭድ ወተት የሚወጣው በዚህ መንገድ ነው። በመብላላቱ መካከል ሚቴን የሚባል ጋዝ ይፈጠራል፣ ላሟ ስታመሰኳ በአፏ ታገሳዋለች። ብዙ ሰው እንደሚቀልድበት በኋላዋ አይደለም፣ በግሳት ነው። ይህ ጋዝ በ100 ዓመት ሲታሰብ ተመሳሳይ ክብደት ካለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ27 እጥፍ የማያንስ ያሞቃል፤ በ20 ዓመት ሲታሰብ ወደ 80 እጥፍ ይጠጋል። አንድ የሚያጽናና ነገር አለው። አየር ላይ የሚቆየው 12 ዓመት ገደማ ብቻ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን መቶዎች ዓመታት ይቆያል። ስለዚህ ዛሬ ሚቴንን የቀነሰ ሰው ውጤቱን በራሱ ዕድሜ ያየዋል።

አሁን የምንለውን ልብ በሉ። ላሟ የምታገሳው ጋዝ ከየትም የመጣ አይደለም፤ ከበላችው መኖ ነው። ከመኖው ጉልበት ከመቶ ስድስት ገደማው ወተት ሳይሆን፣ ሥጋ ሳይሆን፣ ጥጃ ሳይሆን አየር ላይ ይቀራል። መኖው ደረቅና ደካማ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ላሟ የምትበላው ነፍሷን ለማቆየት ያህል ብቻ ስለሚሆን ጋዙ አለ፣ ወተቱ የለም። የአገራችን ላም በቀን በአማካይ ሁለት ሊትር አትሞላም። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ጥናት ኢትዮጵያ ውስጥ ለአንድ ኪሎ ወተት የሚወጣውን ጋዝ አስልቶ ነበር። አማካዩ 24.5 ኪሎ ነው። ተዳቃይ ላሞች ጥሩ መኖ እያገኙ በሚታለቡባቸው መካከለኛ የወተት እርባታዎች ግን 4 ኪሎ አይሞላም። አርብቶ አደሩ አካባቢ ወደ 45 ይጠጋል። ያው የአንድ አገር ወተት ነው፣ ልዩነቱ ግን ከ10 እጥፍ በላይ ነው!

እኛ ይህን ቁጥር ስናይ ትዝ ያለን የደረሳነት ጊዜያችን ነው። ቂርኣት ስንቀራ ከኪታቡ ጎን ለጎን የሸኻችንን ከብት እንጠብቅ ነበር። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ላሞቹ ጎድናቸው ይቆጠር ነበር። ገለባውን ቀኑን ሙሉ ያመሰኳሉ፣ ማታ ስትታለብ ግን ጣሳው አይሞላም፣ ለሸኻችን የሻይ ወተት እንኳ አይወጣም። ያኔ «የበጋ ነገር ነው» ብለን እናልፈዋለን። ለካ ያ ሁሉ የላሟ ልፋት አየር ላይ እየተበተነ ነበር። ኋላ ከሸኻችን አንድ ሐዲስ ሰማን፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በረሃብ የተጎሳቆለ ግመል አይተው ባለቤቱን በጠና መገሠጻቸውን የሚናገረውን። ያኔ ትምህርቱ ስለ ርኅራኄ ብቻ መስሎን ነበር። በእርግጥም ስለ ርኅራኄ ነው። ዛሬ ግን የእንስሳት ሐኪሟ እህታችን «ላምን በደንብ መመገብ ለአየሩም፣ ለወተቱም፣ ለላሟም አንድ መድኃኒት ነው» ስትለን ያን ግመል አስታወስነው።

ስለዚህ የእኛ ፍርድ እንዲህ ነው። የምግባችን ልቀት ከሌላ ነገር በፊት ኢስራፍ ነው፣ ብክነት ነው። መኖው ወተት ሳይሆን ሲቀር ጋዝ ነው። ማዳበሪያው እህል ሳይሆን ሲቀር ጋዝ ነው። ምግቡ ሳይበላ ሲበሰብስ ጋዝ ነው። እንዲህ ከታየ ጉዳዩ የፈረንጅ አጀንዳ መሆኑ ይቀራል፤ ኢስራፍን እንድንጠላ ማንም ከውጭ መጥቶ ሊያስተምረን አያስፈልግም።

አርብቶ አደሩ ላይ ግን እንዳትፈርዱ። ያ 45 የተባለ ቁጥር የሱ ጥፋት ተደርጎ እንዳይነገር። እህል በማይበቅልበት ምድር፣ ውኃ ፍለጋ ቀናት በሚያስኬድበት አገር፣ ላምና ግመል ይዞ መኖር ራሱ ትልቅ ዕውቀት ነው። ላሟም ወተት ብቻ አይደለችም፤ ባንኩ ናት፣ ጥሎሹ ናት፣ የክፉ ቀን ስንቁ ናት። ደግሞም ሙቀቱን ቀድሞ የከፈለው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በቦረናና በሶማሌ ክልል አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው በሚሊዮን የሚቆጠር ከብት አልቋል። ሦስተኛው ልጅ «በአላህ እጅ ነው» ያለው ትክክል ነው፤ ቀደሩን እናምናለን። ግን ቀደርን ማመን ሰበብን ከመያዝ አያግድም፤ ግመሉን ሳያስር ተወከልኩ ያለ ሰው ምን እንደተባለ ታውቃላችሁ።

«የተሻለ ላም ግዙ» ማለት ብቻውን መፍትሔ ነው ብለን አናታልላችሁም። በደንብ የምትመገብ ላም በቀን ስትታይ ከከሳችው ይልቅ ብዙ ታገሳለች፤ ትርፉ የሚገኘው ጋዙ ለብዙ ሊትር ወተት ስለሚካፈል ነው። ስለዚህ አንዲት ደህና ላም ከተገኘች በኋላ አምስቱ ደካሞች እዚያው ከቆዩ ድምሩ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ገበሬው ደግሞ አይሸጣቸውም፤ ምክንያት አለው። የሚያርስበት በሬ የሚመጣው ከነዚያው ላሞች ነው። ጥንድ በሬ የሌለው ገበሬ ማሳውን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ የምርቱን ግማሽ ያጣል። አንድ ክረምት ለማረስ ሲባል መንጋውን ዓመቱን ሙሉ በገለባ ማቆየት ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ የትራክተር ኪራይ ገጠር ድረስ ቢገባ ለአየሩም ይበጃል ቢባል ቀልድ አይደለም፤ ሰነዱም ይህን አስቦበታል። ዶሮንም አስቦበታል፤ እ.ኤ.አ. በ2030 ከምንበላው ሥጋ 30 በመቶው የዶሮ እንዲሆን ይመኛል። ዶሮ አታመሰኳም፣ ስለዚህ ይህን ጋዝ አታገሳም። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋትም እንቁላልና ዶሮ ላይ አተኩሯል። የዛሬውን የእንቁላል ዋጋ አይተን ግን ምኞቱ ገና ሩቅ መሆኑን እናውቃለን።

ስለ ማዳበሪያው በአጭሩ። አገራችን በቅርብ ዓመታት በየዓመቱ ወደ ሁለት ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ ማዳበሪያ በውድ የውጭ ምንዛሪ ገዝታ በጅቡቲ በኩል ታስገባለች። ዩሪያው ያለ ጊዜውና ያለ መጠኑ ሲበተን፣ ከፊሉ በጎርፍ ይሄዳል፣ ከፊሉ ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ሆኖ ይተናል፤ ይህ ደግሞ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 270 እጥፍ ያሞቃል። በሌላ በኩል ለመሬቱ ማዳበሪያ ይሆን የነበረው እበት ኩበት ሆኖ ይነዳል፤ ማገዶ ስለሌለ። አንዱን በዶላር ገዝተን እናባክናለን፣ ሌላውን በነጻ አግኝተን እናቃጥላለን። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ይህን ለመፍታት የታሰበ ነው። እበቱ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ጋዙ ለምድጃ ይሆናል፣ ዝቃጩ ለእርሻ። ገጠር ቤተሰብ ያላችሁ፣ ላም ካላቸውና ውኃ ቅርብ ከሆነ፣ ስለዚህ ነገር ጠይቁላቸው።

«እኛ እዚህ ጦር ኃይሎች ተቀምጠን ላም የለን፣ እርሻ የለን፣ ምን አገባን?» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። መልሱ ሩቅ አይደለም። ቀለበት መንገዱን ይዛችሁ በአየር ጤና በኩል ውረዱ፣ ሽታው ራሱ ይመልስላችኋል።

ቆሼ ከ50 ዓመት በላይ የመላው አዲስ አበባ ቆሻሻ ሲጣልበት የኖረ ቦታ ነው፤ ያለውም በእኛው በኮልፌ ቀራኒዮ በኩል፣ ረጲ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሰንዳፋ ላይ አዲስ ቦታ ተከፍቶ የአካባቢው ገበሬዎች ሲቃወሙ በወራት ውስጥ ቆመ፣ ቆሻሻውም ተመልሶ ወደ ረጲ መጣ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ክምሩ ተናደ። ከ100 በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። በዚያ ሰሞን በሰፈራችን ለቅሶ ያልሄደ ሰው አልነበረም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነበር ያለቀሰው። ያ ክምር ከምን የተሠራ ነበር? ከከተማችን ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ የሚበሰብስ ነገር ነው፤ የተረፈ እንጀራ፣ የአትክልት ልጣጭ፣ የጫት ገረባ፣ የሸንኮራ ምጣጭ፣ የእንስሳት ፈርስ። ናዳውን ያመጣው ጋዝ ነው እያልን አይደለም። ሰዎቹ የሞቱት ግን የእኛ ማዕድ ትራፊ በነበረበት ክምር ሥር ነው።

የሚበሰብስ ነገር አየር ሳያገኝ ከተቀበረ በላም ጨጓራ ውስጥ የሚሆነው ይሆናል፤ ሚቴን ይወጣዋል። እንደ ትልቅ ላም አስቡት፣ ወተት የሌላት። አየር ካገኘ ግን ብስባሽ ይሆናል፣ ሚቴኑ በጣም ይቀንሳል። ከናዳው በኋላ በጃፓን ድጋፍ ረጲ ላይ የተሠራው የፉኩኦካ ዘዴ የሚባለው ይህንኑ ነው የሚያደርገው። ቱቦ እየገባ ክምሩ እንዲተነፍስ ይደረጋል፣ ውኃውም ይወጣለታል። እ.ኤ.አ. በ2018 እዚያው ረጲ የተመረቀው ቆሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ፋብሪካ በቀን 1,400 ቶን እንዲያቃጥል ታስቦ የተሠራ ነው። ነገር ግን እርጥብ እንጀራና የሐብሐብ ቅርፊት እንደ ወረቀት አይነድም። ከየቤታችን ተደባልቆ የሚወጣው እርጥብ ቆሻሻ እንዲህ ላለው ፋብሪካም ሸክም ነው።

ይህ የአዲስ አበባ ጉዳይ ብቻም አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ከ1 ቢሊዮን ቶን በላይ ምግብ በየቤቱ፣ በየሆቴሉና በየሱቁ ተጥሏል ይላል። ከዓለም ልቀት ከመቶ ከ8 እስከ 10 የሚሆነው ከሚባክን ምግብ ጋር የተያያዘ ነው። ረመዳን ላይ የአንዳንድ ኢፍጣር ፕሮግራሞቻችንን መጨረሻ ያያችሁ ታውቃላችሁ፣ ግማሹ የተነካ ሩዝ በጆንያ ይወጣል። ሩዝ ደግሞ ከፎገራም ይምጣ ከፓኪስታን፣ ውኃ በተኛበት ማሳ የበቀለ ከሆነ ገና ሳይጫን ሚቴን አውጥቷል። ስንጥለው ሁለተኛ ያወጣል።

አሁን ወደራሳችን ጥፋት እንምጣ፤ ይህን ሳንናገር ብናልፍ ሐቅ አይሆንም። ባለፈው ዓረፋ ጀመዓችን ኡድሒያውን በጋራ ካረደ በኋላ ሥጋው በደንብ ተከፋፈለ፣ ሚስኪን ቤት ሁሉ ደረሰ፣ አልሐምዱሊላህ። ቆዳው ግን ቀረ። ድሮ የበግና የበሬ ቆዳ ለመስጂድና ለመድረሳ ይሰጥ ነበር፣ ተሽጦ የቁርኣን ቤት ምንጣፍ ይገዛበት ነበር። አሁን ዋጋው ወድቆ ገዢው አልመጣም። «ነገ ይመጣል» ብለን አጥሩ ሥር ከመርነው። ፈርሱን ደግሞ ልጆቹ ወደ ቦይ ደፉት፤ እኛም አይተን ዝም አልን። በሦስተኛው ቀን ሽታው ጎረቤት ደረሰ። ከግቢያችን ጎን የሚኖሩ አንዲት ክርስቲያን እናት፣ ሁልጊዜ በዓላችን ሲሆን እንኳን አደረሳችሁ ብለው የሚመጡ፣ በጨዋ ደንብ «ልጆቼ፣ እስቲ ይሄን ነገር አንሡልን» አሉን። አፈርን። ቆዳው የሄደው ወደ ገንዳ ነው፣ ከገንዳው ደግሞ የት እንደሚሄድ ከላይ ነግረናችኋል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሞታ የተጣለች በግ ሲያዩ ቆዳዋን ለምን አልተጠቀማችሁበትም ብለው መጠየቃቸውን ሁላችንም ቀርተናል። ጥንብ ለሆነችው ከተባለ፣ በስሙ ለታረደችው ምን ይባል? የቆዳው መበስበስ በራሱ የሚያወጣው ጋዝ ትንሽ ነው፤ አናጋንነውም። ነገር ግን ያ በግ ስንት ወር ሣር በልቶ፣ ስንት ወር አግስቶ ያበቀለው ቆዳ ነው። ጋዙ ወጥቷል፣ አይመለስም። የቀረን ነገር በከንቱ እንዳይሆን ማድረግ ነበር፤ አላደረግንም።

አንዳንድ ወንድሞች «እንግዲያው ኡድሒያው ይቀነስ፣ በገንዘብ ይሰጥ» ብለው ሲጽፉ አይተናል። እኛ በዚህ አንስማማም። ኡድሒያ ዒባዳ ነው፣ በሒሳብ ማሽን አይቀየርም። ከዚያም በላይ ድሃው በዓመት አንዴ ጠግቦ የሚበላው ሥጋ ላይ ቁጠባ መጀመር ቦታ መሳት ነው። ሳምንቱን ሙሉ ቁርጥ ቤት የሚውል፣ ትሪው ላይ ግማሽ ኪሎ ትቶ የሚነሳ ሰው ካለ ወሬው ከሱ ይጀመር። በገንዘብ የሚረዱትም አገሮች ከፊታቸው ያለውን ዕዳ ይዩ። ያዙልን ያልነው የ14 በመቶ ጉዳይ እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። ለመኖ፣ ለባዮጋዝ፣ ለትራክተር የሚሆነው ገንዘብ ዋናውን ሙቀት ካመጡት መምጣት አለበት፤ ይህ ልመና አይደለም፣ ሐቅ ነው። አዲስ አበባ በጳጉሜ 2017 ዓ.ም. ሁለተኛውን የአፍሪካ የአየር ንብረት ጉባኤ አስተናግዳለች፣ እ.ኤ.አ. በ2027 ደግሞ ኮፕ 32 የሚባለውን የዓለም ጉባኤ ታስተናግዳለች። ያኔ እንግሊዝኛውም ቁጥሩም ያላቸው ወጣቶቻችን አዳራሹ ውስጥ ቢገኙ ደስ ይለናል፤ የቦረናውን ላም ጉዳይ ከሌላ ሰው አፍ ከመስማት ራሳችን ብንናገረው ይሻላል።

እስከዚያው ግን ቆዳው አለ። ለሚመጣው ዓረፋ ከመስጂዱ ወጣቶች ጋር የተነጋገርነው እንዲህ ነው። እርዱ እንዳለቀ፣ ዙሁር ሳይደርስ፣ ቆዳው በጨው ታሽቶ ይቀመጣል፤ ከፋብሪካ ጋር ግንኙነት ያለው አንድ ነጋዴ በብዛት ከሆነ በዚያው ቀን እወስዳለሁ ብሎናል፣ ዋጋው ትንሽ ቢሆንም ለመድረሳው ይሆናል። ፈርሱንና አንጀቱን ወንዝ ዳር ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙ ወንድሞች በጋሪ ይወስዱታል፤ ጉድጓድ ውስጥ ሳይታፈን ከገለባ ጋር እየተገላበጠ ብስባሽ ያደርጉታል። ረመዳን ላይ ደግሞ ኢፍጣር የሚያዘጋጁ ሁሉ ሩዙን በትልቅ ትሪ ከመቆለል በትንሽ ሰሃን እያወጡ እንዲጨምሩ፣ ያልተነካው ከተራዊሕ በፊት እንዲከፋፈል ተስማምተናል። የተራረፈውን የሚወስድ ከብት ያለው ሰውም ከቤቴል በኩል ተገኝቷል።

አንድ ነገር ቀርቶናል፣ ጨው። ኩንታል ጨው በጅምላ የሚያቀርብልን፣ ወይም በሰደቃ የሚሰጠን ነጋዴ እስካሁን አላገኘንም። የቻለ ሰው፣ ወይም የሚያውቅ፣ ማንኛውም ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ መስጂዱ በር ላይ ይምጣ። መዝገቡን የያዘው በዚያ ማታ «ተከሳሿ የእኛ ላም» እያለ ሲጮህ የነበረው ልጅ ነው። ስሙን አንጽፍም፣ ያፍራል፤ ግን መጥታችሁ ብትጠይቁ የላሟን ነገር ከኛ በተሻለ ያስረዳችኋል።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።